በአሮጌው ሃንጋር ላይ ከመፍረድሽ በፊት

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ ሲቪል ኢንጂነር ነኝ። ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ አካባቢ ባለ የአየር ኃይል ግቢ ውስጥ በኮንትራክተር በኩል እሠራለሁ። አለቃዬ የ14 አሮጌ ሕንፃዎች ዝርዝር ሰጠኝና የትኛው ታሪካዊ እንደሆነ፣ የትኛው ሊፈርስ እንደሚችል የመጀመሪያ ረቂቅ አዘጋጂ አለኝ። አብዛኞቹ ቆርቆሮና ብሎኬት ናቸው። እውነቱን ለመናገር ምንም አይታየኝም። አሮጌ የሆነ ሁሉ ቅርስ ነው እንዴ? ከየት ልጀምር? እኛ አገርስ?»

እህቴ፣ «ምንም አይታየኝም» ማለትሽ አያስደነግጥሽ። ይህን ሥራ ስጀምር እኔም ምንም አይታየኝም ነበር። የላሊበላንና የጎንደርን ስም እየሰማ ላደገ ሰው ቅርስ ማለት ድንጋይ ነው። ዘመኑም ሩቅ ነው። የአየር ምድብ ሕንፃ ግን ሰው እንዲያየው አልተሠራም። ሥራ እንዲሠራበት ነው የተሠራው። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄሽ «ያምራል ወይ?» አይሁን። «ስንት ዓመቱ ነው?»ም አይሁን። «እዚህ ቤት ውስጥ ምን ይሠራ ነበር?» በዪ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ሕጉን ቶሎ ልለፈው። መሠረቱ የ1966ቱ ብሔራዊ የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ሕግ ነው። አንቀጽ 106 የፌዴራል መሥሪያ ቤት አንድ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሥራው በታሪካዊ ቦታ ላይ የሚያደርሰውን እንዲያይና እንዲመክርበት ያስገድዳል። አንቀጽ 110 ደግሞ በእጁ ያሉትን ታሪካዊ ሕንፃዎች ራሱ ፈልጎ እንዲለይና እንዲንከባከብ ያዛል። አየር ኃይሉ የፌዴራል ስለሆነ ሁለቱም ይመለከቱታል። ቴክሳስ ውስጥ የምክክሩ ሌላው ወገን የቴክሳስ ታሪካዊ ኮሚሽን ነው። ውሳኔያችሁ ከነማስረጃው ሲደርሰው መልስ ለመስጠት 30 ቀን አለው። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ሕጉ ማፍረስን አይከለክልም። የሚከለክለው ሳያውቁና ሳይመክሩ ማፍረስን ነው። ያንቺ ረቂቅ «ሳያውቁ» የሚባለው እንዳይደርስ የመጀመሪያው መከላከያ ነው።

ሌላም ልንገርሽ። ሕንፃ ሲገመገም ብቃቱ የተረጋገጠ የሥነ ሕንፃ ታሪክ ባለሙያ በሥራው ውስጥ መኖር አለበት። ኢንጂነር ብቻውን የመጨረሻውን ቃል አይሰጥም። አለቃሽን ይህን አሁኑኑ ጠይቂው። ረቂቁን አንቺ ጻፊው፣ ግን ማን እንደሚያየው ቀድመሽ እወቂ።

አሁን ወደ ዕድሜው። ብዙ ጊዜ የሚነሳው ቁጥር 50 ዓመት ነው። ሕንፃው 50 ሲሞላው ይታያል እንጂ ወዲያው ቅርስ አይሆንም። አሮጌ ሁሉ ቅርስ አይደለም። 50 ያልሞላውም በተለየ ሁኔታ ትልቅ ትርጉም ካለው ሊመዘገብ ይችላል። የቀዝቃዛው ጦርነት ሕንፃዎች መጀመሪያ የተጠኑት በዚህ በር ገብተው ነበር። አሁን ግን አብዛኞቹ 50 አልፈዋል። በ1975 የተሠራው እንኳ በ2025 ሞላው። ዝርዝርሽ ረጅም የሆነውም በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

አሜሪካ ታሪካዊ ቦታዎቿን ወደምትመዘግብበት ብሔራዊ መዝገብ የሚያስገቡ አራት መንገዶች አሉ። ሕንፃው ከትልቅ የታሪክ ክስተት ጋር ሲያያዝ አንድ ነው። ከትልቅ ሰው ሥራ ጋር ሲያያዝ ሁለት። በአሠራሩ ወይም በንድፉ የተለየ ሲሆን ሦስት። ገና ያልታወቀ መረጃ ሲሰጥ አራት፤ ይህ በአብዛኛው ለአርኪኦሎጂ ነው። በአየር ምድብ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚሠራው የመጀመሪያው ነው። በሁለተኛው በጣም ተጠንቀቂ። «ጄኔራል እገሌ እዚህ ቢሮ ነበረው» የሚል ወረቀት በየግቢው ታገኛለሽ። ጄኔራሎች ደግሞ በየሁለት በየሦስት ዓመቱ ይዛወራሉ። ጥያቄው ሰውየው ስሙ የተነሳበትን ሥራ የሠራው እዚያ ቤት ውስጥ ነው ወይ የሚለው ነው።

ለዚህ የሚሆን ምሳሌ እዚያው ከተማሽ ውስጥ አለ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ኖቬምበር 21 ቀን 1963 ብሩክስ በሚባለው የቀድሞ አየር ምድብ የኤሮስፔስ፣ ማለትም የአየርና የጠፈር በረራ፣ ሕክምና ትምህርት ቤቱን ሕንፃዎች መርቀው ከፍተዋል። በማግሥቱ ዳላስ ላይ ተገደሉ። ታሪኩ ልብ ይነካል፤ ሰውም የሚያስታውሰው እሱን ነው። እኔ ብገመግመው ግን ክብደቱን የማስቀምጠው በንግግሩ ላይ ሳይሆን በሕክምናው ላይ ነው። የሰው ገላ በአየርና በጠፈር በረራ ከፍታ እንዴት እንደሚቆይ የተመረመረው እዚያ ነው። የቤቱ ሥራ ይህ ነበር።

እሑድ ጊዜ ካለሽ ብሩክስ ሂጂና ሃንጋር 9ን እዪው። በ1918 ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ሥልጠና በጥድፊያ የተሠራ የእንጨት ሃንጋር፣ የአውሮፕላን ማደሪያ ቤት፣ ነው። ጊዜያዊ ተብሎ ነው የተሠራው። እንደሱ ያሉት በየግቢው ፈርሰው አልቀዋል፤ እሱ ግን ቆሟል። በ1976 ብሔራዊ ታሪካዊ መለያ ተሰጠው፤ ይህ ከተራ ምዝገባ ከፍ ያለ ክብር ነው። አሁን የሳን አንቶኒዮ ልጅ የሆነው የጠፈርተኛው የኤድዋርድ ዋይት መታሰቢያ ነው። ውስጡ ገብተሽ ቀና ብለሽ የጣሪያውን እንጨት ተመልከቺ። ጣውላው ቀጭን ነው። ግን አንዱ ጣውላ ሌላውን ይዞ፣ መሃል ላይ አንድ ምሰሶ ሳይቆም ሰፊ ወለል ሸፍኗል። ኢንጂነር ስለሆንሽ ይህን ከእኔ በተሻለ ታነቢዋለሽ።

ራንዶልፍ የሚባለው የሳን አንቶኒዮ አየር ምድብ ደግሞ ተቃራኒው ነው። እሱ ከመጀመሪያው ታስቦበት፣ ተጊጦ የተሠራ ነው። ቁጥር 100 የሚባለውን ሕንፃ ሁሉም «ታጅ ማሃል» ይለዋል። በ1931 ነው ያለቀው። ያ የሚያምር ማማ በሆዱ የያዘው ምን መሰለሽ? የ500,000 ጋሎን የውሃ ታንከር ነው፤ ወደ 1.9 ሚሊዮን ሊትር መሆኑ ነው። ሕንፃው በ1987 ብሔራዊ መዝገብ ገባ። እስከ ዛሬም የበረራ ሥልጠና ክንፉ ዋና ጽሕፈት ቤት ነው። ግን ከማማው ይልቅ የእኔን ቀልብ የሚስበው የግቢው ፕላን ነው። ያወጣው ሻለቃ ወይም ጄኔራል አልነበረም። ሃሮልድ ክላርክ የሚባል ሌተናንት ነበር። መኖሪያውን መሃል ላይ በክብ አደረገው። ሃንጋሮቹን በምሥራቅና በምዕራብ አሰለፋቸው። በ2001 አጠቃላይ ክልሉ ብሔራዊ ታሪካዊ መለያ ሲያገኝ የተከበረው አንድ ቤት ብቻ አይደለም፤ መንገዱ፣ ክቡ፣ በሕንፃዎቹ መካከል ያለው ክፍት ቦታ ሁሉ አብሮ ነው።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። አየር ምድብ እንደ አንድ ትልቅ ማሽን ነው። ሕንፃው የማሽኑ ብሎን ነው። ብሎንን ብቻውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ «ይህ ምን ዋጋ አለው?» ብትዪ መልሱ «ምንም» ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ተሳስቼ ነው።

ከብዙ ዓመት በፊት በሰሜን አሜሪካ ግዛቶች ውስጥ ባለ አንድ አየር ምድብ ለቅኝት ተላክሁ። ከዝርዝሩ ውስጥ ግማሽ አካሉ መሬት ውስጥ የተቀበረ ባለ ሁለት ፎቅ የኮንክሪት ሕንፃ ነበር። መስኮት የለውም። ውስጡ በጂፕሰም ቦርድ ተከፋፍሎ ቢሮ ሆኗል። አንድ ገጽ ጻፍኩ፦ ተራ ሕንፃ፣ ውስጡ ተቀይሯል፣ አይመዘገብም። አንድ ጡረታ የወጣ መካኒክ ግቢውን እያስጎበኘኝ ነበርና ረቂቁን ሲሰማ ዝም አለ። ከዚያ ክንዴን ይዞ ወደ ውጭ አወጣኝ። ከሕንፃው ጎን በቆርቆሮ ቱቦ የተሠሩ መውጫዎች ነበሩ። ሁሉም የሚያወጡት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። እዚያ ፊት ለፊት ያለው የአውሮፕላን ማቆሚያ ግራና ቀኝ ሰያፍ እየሆነ እንደ ጥድ ዛፍ ቅርንጫፍ ተዘርግቷል። ከእሱ ቀጥታ ወደ ማኮብኮቢያው ጫፍ ይደርሳል።

ቦታው የስትራቴጂክ አየር ዕዝ፣ ማለትም የኑክሌር ቦምብ ጣዮቹን የሚመራው ክፍል፣ ተጠንቀቅ ጣቢያ ነበር። አሜሪካኖቹ ሕንፃውን «የፍልፈል ጉድጓድ» ይሉታል። ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር 1991 ድረስ የቦምብ ጣይ አብራሪዎች በፈረቃ እዚህ እየኖሩ፣ እዚህ እየበሉ፣ እዚህ እየተኙ ደወሉን ይጠብቁ ነበር። ማስጠንቀቂያ ከመጣ በ15 ደቂቃ ውስጥ መነሳት አለባቸው። ቱቦዎቹ ለምን አጠሩ? ማቆሚያው ለምን ሰያፍ ሆነ? ቢ-52ን የሚያህል ክንፉ 56 ሜትር የሆነ አውሮፕላን ወደ ኋላ ሳይል፣ ሌላውን ሳይጠብቅ፣ ታጥፎ በቀጥታ እንዲወጣ ነው። ሥነ ሕንፃው ያለው በግድግዳው ላይ አይደለም። በርምጃው ርቀት ላይ ነው።

መካኒኩ ከአልጋው እስከ አውሮፕላኑ ያለውን ርምጃ በቁጥር ያውቀው ነበር። እኔ ግን የታዘዝኩት ሕንፃውን ብቻ ነውና ማቆሚያውን ዞር ብዬም አላየሁት። ያንን ገጽ ቀድጄ እንደገና ጻፍኩ። ሕንፃውን፣ ማቆሚያውን፣ የጥበቃ ቤቱንና ወደ ማኮብኮቢያው የሚወስደውን መንገድ በአንድ ወሰን ከተትኳቸው። አንድ ላይ ሲታዩ ለመዝገብ የሚበቁ ሆኑ። ውስጡ ቢሮ መሆኑ አልቀረም፤ ግን ያ ከእንግዲህ ዋናው ነገር አልነበረም። ያ ሰውዬ ባይኖር ኖሮ ሕንፃው በእኔ ፊርማ ይፈርስ ነበር። እስካሁን ትዝ ባለኝ ቁጥር ሆዴን ይቆርጠኛል።

ስለዚህ ከ14ቱ አንዱንም ለብቻው አትገምግሚ። መጀመሪያ የግቢውን የአየር ፎቶዎች በየዓመተ ምሕረታቸው ደርድሪ። ከዚያ ሕንፃዎቹን በሥራቸው መድቢያቸው፦ ጥገና፣ ሥልጠና፣ ጥይት ማከማቻ፣ መኖሪያ፣ ነዳጅ። ከዚያ ነው ወደ በሩ የምትሄጂው።

ቀጥሎ የሚመጣው ሕንፃው ማንነቱን ይዞ ቆይቷል ወይ የሚለው ነው። መመሪያው ሰባት ነገር ይጠይቃል፦ ቦታው፣ ንድፉ፣ አካባቢው፣ የተሠራበት ዕቃ፣ የእጅ ሥራው፣ ስሜቱ፣ ከታሪኩ ጋር ያለው ትስስር። ሰባቱንም እኩል አትመዝኛቸው። ለሃንጋር ከሁሉ የሚበልጠው በሩና ውስጡ ያለው ክፍት ቦታ ነው። በሩ በሐዲድ ላይ የሚሄድ ከሆነ ጎንበስ ብለሽ መንኮራኩሩን እዪ። ሐዲዱ በኮንክሪት ከተደፈነ በሩ ከስንት ዓመት በፊት ሥራ እንዳቆመ ይነግርሻል። ጣሪያው ቆርቆሮው መቀየሩ ብዙም አያሳስበኝ። ክፍት ወለሉ በቢሮ ክፍሎች ከተሞላ ግን «ሊነሳ የሚችል ነው ወይስ ከብረቱ ጋር ተበይዷል?» ብለሽ ጠይቂ። የሚነሳ ከሆነ ሃንጋሩ ገና በሕይወት አለ።

አውሮፕላን ሲያድግ ሃንጋርም አብሮ እንደሚያድግ አትርሺ። ቢ-36 የሚባለው ግዙፍ ቦምብ ጣይ ሲመጣ ክንፉ 70 ሜትር ነበር። እሱን ለማስገባት ሜይንና ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ ከ100 ሜትር በላይ የሚዘረጋ ስስ የኮንክሪት ቅስት ጣሪያ ተሠራ። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ጭራው ውጭ ቀርቶ አፍንጫው ብቻ የሚገባበት ቤት ሠሩ። ስለዚህ «በሩ በኋላ ሰፍቷል» የሚል ማስረጃ ስታገኚ ወዲያው «ተበላሽቷል» አትበዪ። ለየትኛው አውሮፕላን ሰፋ? ቀኑ ከግቢው ዋና ታሪክ ጋር ይገጥማል? ከገጠመ ለውጡ ራሱ ታሪክ ነው።

ለዚህ ከሂካም አየር ምድብ የበለጠ ምሳሌ የለኝም። ሃዋይ ነው ያለው። ዲሴምበር 7 ቀን 1941 ጃፓኖች ሲመቱት ትልቁ የወታደሮች ማደሪያ በጥይት ተበሳሳ። ሕንፃው ታድሶ ዛሬ የፓሲፊክ አየር ኃይሎች ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ግድግዳው ላይ ያሉት የጥይት ቀዳዳዎች ግን ሆን ተብሎ አልተደፈኑም። ሠራተኛው በየጠዋቱ ቡናውን ይዞ በእነሱ አጠገብ አልፎ ይገባል። በተራ የሕንፃ ምርመራ ያ «ጉዳት» ተብሎ ይመዘገብ ነበር። እዚያ ግን ከሁሉ በፊት የሚጠበቀው እሱ ነው።

ጊዜሽን የሚቆጥብ ነገር ልንገርሽ። ከዝርዝርሽ ውስጥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጊዜያዊነት የተሠሩ የእንጨት ቤቶች ካሉ፣ እነሱ በ1986 በተደረገ አገር አቀፍ ስምምነት ታይተዋል። ከ1949 እስከ 1962 የተሠሩት የቤተሰብ መኖሪያዎችም፣ ዌሪና ኬፕሃርት የሚባሉት፣ ለአየር ኃይሉ በ2004 በጅምላ ታይተዋል። አንድ በአንድ እንደ አዲስ አትድከሚባቸው። ስምምነቱን አውጥተሽ ይመለከተው እንደሆነ ብቻ አረጋግጪ።

አለቃሽ «ይህ ሁሉ የአየር ኃይሉን ሥራ ያደናቅፋል» ማለቱ አይቀርም። ሁሌም ይሉታል። እኔ የማምነው ግን ሌላ ነው። በግቢ ውስጥ ሕንፃን የሚገድለው ዶዘር ብቻ አይደለም፤ ባዶነት ነው። ባዶ ቤት ጣሪያው ማፍሰሱን የሚያይለት የለም። ሰው የሚሠራበት ቤት ግን ይጠገናል። ለዚህ በረቂቅሽ ላይ «ታሪካዊ ነው» ብለሽ ብቻ አታቁሚ፤ «ለዚህ ለዚህ ሥራ ሊውል ይችላል» ብለሽ ጨምሪ። እንግሊዝ ውስጥ ቢስተር የሚባለው የቦምብ ጣዮች ምድብ ከአየር ኃይሉ እጅ ወጥቶ በ2013 ተሸጠ። ዛሬ ጋራዦቹና ሃንጋሮቹ ውስጥ የድሮ መኪና ጠጋኞች ይሠራሉ። የሚያፈስ ጣሪያ አሁን የሚጮህለት ሰው አለው። ማረፊያው ደግሞ አስፋልት ያልለበሰ የሣር ሜዳ ነው። ሣሩም የቅርሱ አካል ነው።

ትልቁ ጠብ የሚነሳው በመስኮት ነው። የወታደራዊ ደኅንነት ደንቡ ፍንዳታ የሚቋቋም መስታወት ይፈልጋል። የቅርስ መመሪያው ደግሞ አሮጌው የብረት መስኮት ከመቀየሩ በፊት ይጠገን ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ብዙ ጊዜ የሚያስታርቃቸው አዲሱን መስኮት ከአሮጌው በስተ ውስጥ ማቆም ነው። ስሌቱ ያንቺ ሙያ ስለሆነ እዚህ ላይ ድምፅሽ ከታሪክ ባለሙያዎቹ ይበልጥ ይሰማል። የአስቤስቶስና የእርሳስ ቀለም ምርመራ ሳይደረግ ግን አንዳች ነገር አትፈልቅቂ፤ ሰውም እንዲፈለቅቅ አትፍቀጂ።

ፎቶ ከማንሳትሽ በፊት የጽሑፍ ፈቃድ ያዢ። በግል ስልክሽ አታንሺ። ለእኔም ቢሆን በቴሌግራም እንዳትልኪልኝ። የማውቃቸው ጎበዝ ልጆች በዚህ ምክንያት መግቢያ ካርዳቸውን ተነጥቀዋል።

መፍረሱ የማይቀር ሕንፃም ይኖራል። ያኔ ትግሉ ወደ ሰነድ ይዞራል። ከ1933 ጀምሮ የሚሠራ የአሜሪካ ታሪካዊ ሕንፃዎች ቅኝት የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ፕላኑ፣ ፎቶውና ታሪኩ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል። እኔ ሁልጊዜ የሠራተኞቹ ቃል አብሮ እንዲቀዳ እጠይቃለሁ። ፕላን የግድግዳውን ውፍረት ይነግርሻል። ለሊት ላይ በዚያ ቤት ውስጥ ምን ይሸት እንደነበር የሚነግርሽ ግን ሰው ነው።

እኛ አገርስ ላልሽው፣ ወደ አላባማ ልውሰድሽ። ሞተን ፊልድ በቱስኬጊ ጥቁር አሜሪካውያን አብራሪዎች ለጦርነቱ መብረር የጀመሩበት ሜዳ ነው። በቱስኬጊ ወደ 1,000 የሚጠጉ አብራሪዎች ሠልጥነዋል። በ1998 ብሔራዊ ታሪካዊ ሥፍራ ሆነ። ከሁለቱ ሃንጋሮች አንዱ በ1989 ተቃጥሎ እንደገና ተሠርቷል፤ አንደኛው ግን የጥንቱ ነው። ስትገቢ ልዩነቱን በእጅሽ ዳስሺው። ቱስኬጊ የበረራ ትምህርት እንዲከፍት አስቀድሞ ከወተወቱት አንዱ እዚያው የተማረው ጆን ሮቢንሰን ነበር። በ1935 ጣሊያን ሲመጣብን መጥቶ አየር ኃይላችንን የመራው እሱ ነው። በ1944 ተመልሶ ልጆቻችንን አሠለጠነ። በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ሞቶ የተቀበረው አዲስ አበባ ነው። የሞተን ፊልድ ሃንጋር ታሪክ የእኛም ታሪክ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ቢሾፍቱም ሐረር ሜዳ አለልን። ከ1940ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን የሚመሩ ስዊድናውያን ከእኛ ሰዎች ጋር የሠሩበት ግቢ ነው። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992፣ ይህኛው በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ታሪካዊ ዋጋ ያለውን ሕንፃ ሁሉ ይመለከታል። አንቺ እዚያ ግቢ መግባት አይጠበቅብሽም። የቀድሞ አየር ኃይል መካኒኮችና አብራሪዎች አሜሪካ ውስጥም ይኖራሉ። በየሰርጉና በየለቅሶው ታገኛቸዋለሽ። ምሥጢር አትጠይቂያቸው። የመጀመሪያ ቀን የገቡበት ሃንጋር በሩ በየት በኩል ይከፈት እንደነበር ጠይቂያቸው። ያው እጃቸውን እያወዛወዙ ይስሉልሻል። ቀጂው፤ ቀንና ስም ጻፊበት።

ሰኞ ሥራ ስትገቢ ዝርዝሩን ወደ ጎን አድርጊና ከ14ቱ መካከል በጣም አስቀያሚ መስሎ የታየሽን ምረጪ። ፈቃድ ይዘሽ፣ አጃቢሽን አስከትለሽ፣ በሩ ላይ ጀርባሽን ወደ ውስጥ አድርገሽ ቁሚ። ከዚያ ፊት ለፊትሽ የሚታየውን ጻፊ። ሁለተኛውን ደብዳቤሽን በእሱ ጀምሪልኝ።